ጭሱ እና ጨዋታው

ሶፋ ሰሪው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሚስማር በከንፈሩ ይዞ፣ መዶሻውን በዜማ እያስመታ የሰው መቀመጫ ሲያለሰልስ የኖረ ሰው ነው። ሲሠራ ያንጎራጉራል፤ ደስ ሲለውም ሲከፋውም ያጨሳል። ሰፈሩ «ጭሱ» ይለዋል። የሚስቱ ወንድም ደግሞ ይጠጣል፤ እሱን ግን «ጨዋታው» ነው የሚሉት። አንዱ ሲመጣ መስኮት ይከፈታል፤ ሌላው ሲመጣ ወንበር ይሳባል።

ሴት ልጁ ከወለደች ዐሥራ ሁለት ቀኗ ነው። እስካሁን የልጅ ልጁን ያያት ከበር ላይ ቆሞ፣ በዐይኑ ብቻ ስሞ ነው።

«አባዬ፣ ሐኪሙ የሲጋራ ሽታ ለሕፃን አይሆንም ብሏል» ብላዋለች።

አልተከራከረም። ጠዋት ጠዋት የሚያጣጥፈው ሳል ከሐኪሙ ቀድሞ ነግሮታል። ስለዚህ ያን ቅዳሜ ከንጋት ጀምሮ አላጨሰም። ሁለት ጊዜ አውራ ጣቱን በመዶሻ መታ። ከሰዓት ገላውን ታጠበ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ፣ ልቡ እንደ ሙሽራ እየመታ ወደ ልጁ ቤት ሄደ።

ሲገባ ሕፃኗ ጨዋታው ዕቅፍ ውስጥ ነበረች። ከፊቱ የተጋመሰ የውስኪ ጠርሙስ ቆሟል፤ ዐይኑ ቀልቷል፤ ቤቱ በቀልዱ ይስቃል።

«እስቲ ልያዛት» አለ ሶፋ ሰሪው።

ልጁ ወደ ደረቱ ጠጋ ብላ አሸተተችና አፍንጫዋን ሸበሸበች። «ልብስህ አሁንም ይሸታል፣ አባዬ።»

«ዛሬ ከንጋት ጀምሮ አላጨስኩም እኮ።»

«ቁም ሳጥኑ ነዋ» አለች ሚስቱ። «መጋረጃዬ ሳይቀር ሲጋራ ሲጋራ ይላል።»

«እሱስ? ውስኪ ውስኪ አይልም?»

«ምን ነካህ፣ ለደስታ ቀመስ አድርጎ ነው።»

«ወንድሜ፣ እኔ ብጠጣ የምጎዳው ራሴን ነው» አለ ጨዋታው። «አንተ ግን ጎረቤት ታስላለህ።»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ይኸው ሰው ሞቅ ብሎት የጎረቤት አጥር በመኪና ሲደረምስ፣ የሶፋ ሰሪው ልጅ፣ ይህቺው አራስ፣ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ግንባሯ ላይ ጠባሳው አለ። ያ ቀን ግን ዛሬ በየድግሱ የሚጠየቅ ቀልድ ሆኗል።

«እስቲ የአጥሩን ንገረን» አለ አንዱ እንግዳ።

ጨዋታውም ጀመረ። «መሪውን እንዲህ ሳዞር…» ብሎ አንድ እጁን ከሕፃኗ ላይ አነሳ። ትንሿ አንገት ወደ ኋላ ዘንበል አለች። ሁሉም የሚያየው የተራኪውን እጅ ነበር።

ሶፋ ሰሪው ሸሚዙን አውልቆ መሬት ላይ ጣለ። ሄዶ ሕፃኗን ከዕቅፉ ወሰዳትና ባዶ ደረቱ ላይ አስደገፋት። ሞቃለች፤ ከአንድ ትራስ ጥጥ አትከብድም።

«አባዬ፣ እንዲህ ሆነህ ሰው ፊት…» አለች ልጁ በሐፍረት። «ሌላ ሸሚዝ ላምጣልህ።»

«አታምጪ። መጀመሪያ ያንን ጠርሙስ አንሺልኝ።»

ጠርሙሱን አየች፤ አጎቷን አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ሸሚዙን በሁለት ጣቷ አነሳችና ወደ ውጭ ይዛው ወጣች።

ጠርሙሱ እዚያው ቀረ።