በር ላይ የቀረው ፈረሰኛ

በዘጠናዎቹ ዓመታት ስቶክሆልም፣ ብሬዴንግ የሚባል ሰፈር፣ አክስቴ ዘንድ ስኖር፣ ከቤተ መጻሕፍት የምንዋሳቸውን የመካከለኛው ዘመን የፍቅር ልብ ወለዶች ከስዊድንኛ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነብላቸው ነበር። ፈረሰኛው ከጦርነት ተመልሶ የሚወዳት ሴት ደጅ ሲደርስ ግን፣ ሁልጊዜ የአውቶቡስ የወር ካርዳቸውን ገጹ ላይ አድርገው መጽሐፉን ይከድኑታል።

«ውይ አክስቴ፣ ያስገቡት እንጂ! በረዶ ላይ እኮ ነው የቆመው!»

«ይቁም! ቶሎ ከገባ ምኑን ታሪክ ሆነ? እሷም ትናፍቅ፣ እኛም እንጓጓ። ነገ እናስገባዋለን።»

የመጨረሻውንም መጽሐፍ እንደዚያው ከደኑት። በማግስቱ ሆስፒታል ገብተው በዚያው ቀሩ።

መጽሐፉን እስከ ዛሬ አልመለስኩም፤ ካርዳቸውም ከገጹ አልወጣም። ስንት በረዶ ወርዶ ቀለጠ፣ ፈረሰኛው ግን እዚያው ቆሟል። አክስቴ፣ ብቻዬን በሩን ልክፈትለት ብል እጄ እምቢ አለኝ።