ያልተጻፉ አርባ ቀኖች

መሪጌታ ኪዳነማርያም ዘወትር ንጋት ላይ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዳቸው በፊት፣ ደጃፋቸው ካለው ድንጋይ ላይ ውሃ ሞልቶ ያደረውን የሸክላ ሳህን ያነሣሉ። ውሃው ረግቶ ከሆነ በረዶውን ሰብረው በስባሪው ጠርዝ ላይ የገብስ ፍሬ ይደረድራሉ። ውፍረቱ ሁለት ፍሬ ከያዘ በደብተራቸው «ሁለት ገብስ» ብለው ይጽፋሉ፤ ካልረጋ «ውሃ»።

ደብተሩን የጀመረችው ልጃቸው ዝናሽ ናት። ስምንተኛ ክፍል ሳለች ውርጭ የመንደሩን ባቄላ በአንድ ሌሊት አቃጠለው፤ ልኬቱ ከዚያ መጣ። ለትምህርት አዲስ አበባ ስትሄድ ለአባቷ አስረከበች።

«አባ፣ ያላዩትን ብቻ እንዳይጽፉ» አለቻቸው።

ከዓመታት በኋላ የዋልታ በረዶ ልታጠና ወደ ባሕር ማዶ ስትነሣ፣ ከመካነ ሰላም ከተማ የወሰዳት የሚኒባስ ሹፌር ረመዳን ነበር።

«ብርድ ፍለጋ ትኬት ይቆረጣል እንዴ? እኛ ዘንድ በነጻ ነው፣ ወላሂ!» ብሎ ተሳፋሪውን አሳቀ።

እዚያ የበረዶ ተመራማሪዎች፣ የታሪክና የሕግ ሰዎች በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው ስለ ዋልታ የሚከራከሩበት ጉባኤ አለ። ዝናሽ ለጉባኤው ጽሑፍ አዘጋጀች። ስለ ብርድ ሲነገር በመርከብ ዋልታ የደረሱ ሰዎች መዝገብ ብቻ ለምን ይታመናል? ጥያቄዋ ይኸው ነበር። ማስረጃዋ የአባቷ ደብተር ነው። ጉባኤው ያልተቋረጠ የሃያ ዓመት ልኬት ጠየቀ፤ ሃያኛው ዘንድሮ ታኅሣሥ ላይ ይሞላ ነበር።

ጥቅምት 26 ቀን ዝናሽ እዚያው ባሕር ማዶ መኪና ገጭቷት ሞተች። አስከሬኗ መጥቶ ከደብሩ ተቀበረ። አርባዋ እስኪወጣ ሳህኑ ግድግዳ ሥር ተደፍቶ ቆየ።

ጥር ላይ ረመዳን የዓመቱን ገጾች በስልኩ አንሥቶ ወደ ባሕር ማዶ ላከ። በሳምንቱ፣ በገበያ ቀን፣ መሪጌታ ደብተሩን እንደያዙ ሚኒባሱ አጠገብ ቆመው ሳለ የረመዳን ስልክ ጮኸ። የደወለው በላይ ነው፤ የዝናሽ የሥራ ባልደረባ፣ ጽሑፏን በስሟ ሊያነብ የተመደበ።

«መሪጌታ፣ ኅዳር ባዶ ነው።»

«ባዶ ነው።»

«ሃያው ዓመት ካልሞላ አይቀበሉንም። የአምናውን ኅዳር አይተው በግምት ቢሞሉልኝ… ማንም አያውቅም።»

መሪጌታ ከረመዳን እርሳስ ተቀብለው ደብተሩን በሚኒባሱ አፍንጫ ላይ ዘረጉ። ከመጀመሪያው ባዶ መስመር ላይ «አንድ ገብስ» ጻፉ። አዩት። ከዚያ በአውራ ጣታቸው አሹት፤ ወረቀቱ ጠቆረ እንጂ አልጠፋም።

«ልጄን እየቀበርሁ ነበር» አሉ በስልኩ። «ሳህኑን አላየሁትም።»

«እንግዲያው አይነበብም፣ መሪጌታ። የስንት ዓመት ልፋቷ…»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

ስልኩን ለረመዳን መለሱለት። ረመዳንም የፊት ወንበሩን በር ከፈተላቸው።

በጉባኤው ለዝናሽ የተያዘው ሰዓት ስለ ጥንት መርከቦች መዝገብ ለሚናገር ሰው ተሰጠ። በገበያው ማግስት ንጋት መሪጌታ «ሁለት ገብስ» ብለው ጻፉ።