ከቁርስ ጋር የሚዋጠው ኪኒን

መድኃኒት ቤቱ ሥራ የገባሁት ቅዳሜ፣ በጂንካ ገበያ ቀን ነው። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ የመጀመሪያ ልጄን ምሕረትን ያዘልኩ ወጣት ነበርኩ። የተቀጠርኩት ለጽዳት ነው። ከሰሜን የመጣው ድራጊስት፣ የመድኃኒት ቤቱ ኃላፊ አቶ ደምሴ መጥረጊያና ባልዲ ሰጠኝና፣ "ወለሉን ብቻ፤ መደርደሪያውን እንዳትነኪ" አለኝ።

ረፋዱ ላይ ከአሪ ገጠር የመጡ አንዲት አሮጊት የመድኃኒት መስጫው መስኮት ላይ ቆመው ቀሩ። አቶ ደምሴ በአማርኛ ያስረዳቸዋል፤ እሳቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ድምፁን ከፍ አደረገ። እሳቸውም ይበልጥ ነቀነቁ።

"ጆሯቸው ደህና ነው" አልኩት። "አማርኛ ነው የማይሰሙት።"

"አንቺ አሪኛ ትችያለሽ?"

"የእናቴ ቋንቋ ነው።"

"ታዲያ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ? ነይ እንጂ!"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ደመወዜ የጽዳት ሠራተኛ፣ ቦታዬ መስኮቱ ሆነ።

ሥራው እንዲህ ነው። አቶ ደምሴ የሐኪሙን ወረቀት አንብቦ ኪኒኑን በመቁጠሪያው ሳህን ላይ ይቆጥርና ፖስታ ውስጥ ይጨምራል። ማንበብ ለማይችል ሰው ፖስታው ላይ ለጠዋት ፀሐይ፣ ለማታ ጨረቃ ይሥላል። እኔ አወሳሰዱን በአሪኛ እናገራለሁ። ከዚያ በሽተኛው በራሱ አፍ መልሶ ይነግረኛል። ሳይነግረኝ ፖስታውን ከእጄ አልለቅም። ያስተማረኝ አቶ ደምሴ ነው። "ገባኝ ያለሽን ሁሉ አትመኚ" ይለኝ ነበር። እኔም ፈሪ ነኝ፤ ሁለት ጊዜ አስደግማለሁ።

የስኳር በሽታ ያለበት ሰው መጀመሪያ ጥቂት ነበር፤ እያደር በዛ። አንድ ቀን ሁለት ጎረቤታሞች መጡ። አንደኛዋ የሐኪም ወረቀት ይዛለች፤ ሌላዋ ባዶ እጇን ናት።

"ለሁለታችን ይሁን" አለች ወረቀት የያዘችው። "እኔም ስኳር፣ እሷም ስኳር። ጨው እንዋዋስ የለ እንዴ?"

ለአቶ ደምሴ ነገርኩት። ሳቀ፤ ቶሎ ደግሞ ሳቁን ዋጠው። "የስኳር ኪኒን ብዙ ዓይነት ነው፤ ለዚህችኛዋ የታዘዘው ያችኛዋን ሊጎዳ ይችላል በያት። ትመርመርና የራሷን ታምጣ።"

"ስስታም ሰውዬ!" አለች ወረቀት የያዘችው በአሪኛ።

"ምን አለች?"

"እግዜር ይስጥልኝ ነው የምትለው" አልኩት። ጓደኛዋ ግን ተመርምራ የራሷን ወረቀት ይዛ መጣች።

ሌላ ቀን አንድ ማር ሻጭ በራችን ላይ ወደቀ። የስኳር ኪኒኑን ጎህ ሲቀድ ውጦ፣ ማሩን ሸጬ እበላለሁ ብሎ ከመንደሩ በእግሩ መጥቷል። ልብሱ በላብ ርሷል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ንግግሩ ተዘበራርቋል። ሰው "ሰክሯል፣ ተዉት" ይላል። አቶ ደምሴ መዋጥ እንደሚችል አይቶ የስኳር ውኃ አጠጣው። ሰውዬው ነቃ፤ "ደህና ነኝ፣ ማሬ የት አለ?" አለ።

"ማርህ ይቆይ፣ ሐኪም ቤት ትሄዳለህ" አለው አቶ ደምሴ። ለእኔም እንዲህ አለኝ፦ "ይሄኛው ኪኒን የደም ስኳርን ያወርዳል፤ ከሰውነትም ቶሎ አይወጣም። አሁን የጠጣው ስኳር ሲያልቅ መልሶ ይጥለዋል።"

ይህን ነገር ጠንቅቄ ያዝኩት። የት እንደሚያስፈልገኝ ግን አላወቅሁም ነበር።

ባለቤቴ ማርቆስ ከወላይታ የመጣ አናጢ ነበር። ሰው እንደነገሩ የሚሠራውን በር እሱ ሦስት ጊዜ ለክቶ ነው የሚቆርጠው። ስኳር የያዘው ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ ነው። ያዘዙለትም ያንኑ የማር ሻጩን ዓይነት ኪኒን ነው። ልጆች እንዳያገኙት በቆርቆሮ ጣሳ አድርጌ ከጣራው ወራጅ ላይ ሰቀልኩት። ጠዋት ቁርሱን ሲጀምር ቆርቆሮውን አወርዳለሁ።

"ድገመው" እለዋለሁ።

"የምሕረት እናት፣ ሚስት ነው ያገባሁት ወይስ የመድኃኒት ቤት መስኮት?"

"ድገመው!"

"ስበላ እውጣለሁ። ካልበላሁ አልውጥም። ካላበኝና ካንቀጠቀጠኝ ስኳር እቀምሳለሁ፤ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ። ፖስታዬን ስጪኝ።"

ማርቆስ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነበር። ሐኪሙ አትጹም ስላለው በጾም ጸሎት ቀን በልቶ ይሄድ ነበር፤ ግን ያፍር ነበር። አንድ ዓመት ዝናብ ጠፋ። በወይጦ ሸለቆ በኩል ከብት አለቀ። ቤተ ክርስቲያን ለዝናብ ጾም ጸሎት አወጀች።

"ሕዝብ ሁሉ ሲጾም እኔ ሽማግሌው ገንፎ በልቼ ፊት ልቁም?" አለኝ።

"ቁም። እግዚአብሔር ገንፎህን አይቆጥርብህም።"

ሳቀ፤ እሺ አለኝ። ቀኑ የገበያ ቀን ስለነበረ ገንፎውን ከድኜ፣ ቆርቆሮውን አጠገቡ አስቀምጬ ማልጄ ወጣሁ።

ገንፎውን ለልጆቹ ሰጣቸው። ኪኒኑን ግን ዋጠው። መንገድ ላይ ለጓደኛው "ኪኒን ምግብ አይደለም፤ ጾም አይፈታም" ብሎት ነበር።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሆነውን አብረውት የነበሩት ነገሩኝ። ላቡ ይወርዳል። እጁ ይንቀጠቀጣል። የሚለው ቃል አይለይም። በእኛ ዘንድ ሰው ከልቡ ሲጸልይ እንዲሁ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ያለቅሳል። በቀኙም በግራውም ያለው ሰው እንደዚያው ነው። ማን ይለየው? አንዷ እህት እስከ ዛሬ "ያን ቀን አጸላለዩ እንዴት ደስ ይል ነበር" ትለኛለች።

ጉልበቱ ሲከዳው ስኳር የበዛበት ሻይ አጠጡት። ዓይኑን ገለጠ። አጨበጨቡ፣ አመሰገኑ። ደግፈው ቤት አመጡትና "ደክሞታል፣ ይተኛ" ብለው ሄዱ። ክፋት ያሰበ የለም።

ከሥራ ስመለስ የገንፎው ሳህን ባዶ ነው፤ ደስ አለኝ። የመጨረሻው ልጄ "አባባ ገንፎውን ለእኛ ሰጠን" አለኝ። ቆርቆሮው ክፍት ነው። ሮጬ መኝታ ቤት ገባሁ። ሸሚዙ ርሶ ደርቋል። "ማርቆስ!" ብዬ ብጠራው አይመልስም። በባጃጅ ሐኪም ቤት አደረስነው። በደም ሥሩ ግሉኮስ ሰጡት። ዓይኑን ገለጠ፤ እኔን ግን አላወቀኝም። ከዚያ አልጋ ሳይነሣ አረፈ።

ዝናቡ በለቅሶው ሳምንት መጣ። ድንኳኑ እያፈሰሰ ተቀመጥን።

ፓስተሩ አጠገቤ ተቀምጠው፣ "እህቴ፣ ምን ልበልሽ?" አሉኝ።

"ለእኔ ምንም አይበሉኝ። ለሕዝቡ ስኳር ያለበት ሰው በልቶ ይጸልይ፣ መጾም ከፈለገም አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ ይበሉልኝ።"

በሚቀጥለው እሑድ እያለቀሱ ተናገሩት። እስከ ዛሬም ጾም ሲያውጁ ከሁሉ በፊት ይህን ይናገራሉ።

እኔም ወደ መስኮቱ ተመለስኩ። አንድ ጥያቄ ጨመርኩ፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስም ሁሉንም እጠይቅ ነበር፦ "የማትበሉበት ቀን አለ?" አንዱ የገበያ ቀን ይላል፤ ሌላው ጾም፣ ሌላዋ ለቅሶ። የማይበላበት ቀን የሌለው ሰው አላጋጠመኝም።

ምሕረት ዛሬ ቀይ አፈር ከተማ አስተማሪ ናት። ባለፈው ዓመት ስኳር ተገኘባት። የሰጧት ኪኒን ያባቷን ዓይነት ነው። ጠዋት ጠዋት እደውልላታለሁ።

"በልተሻል?"

"እማ፣ መጀመሪያ ደህና አደርሽ አይባልም?"

"በልተሻል ወይ?"

"እየበላሁ ነው።"

"እንግዲያው ዋጪ።"

ይህ ኪኒን የሚዋጠው ምግብ ሲኖር ነው። ምግብ በሌለበት ቀን አይዋጥም፤ ሐኪም ይጠየቃል። የወደቀ ሰው ስኳር ቀምሶ ቢነቃም ሐኪም ቤት ይወሰዳል እንጂ ቤቱ አይተኛም።