ገለልተኛ ሰው ፍለጋ

ናይሮቢ ውስጥ የማንም ወገን ያልሆነ አበሻ መፈለግ ምን ያህል እንደሚያደክም የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ለሀገር ቤቱ ምርጫ ገለልተኛ ታዛቢዎችን የሚያሰለጥን ፕሮጀክት ነበረን፤ መሪ የመቅጠሩ ሥራ እኔ ላይ ወደቀ። ወጪውን የሚሸፍኑት፣ ጊጊሪ በሚባለው የኤምባሲዎች ሰፈር ያሉት ለጋሾች ያስቀመጡት ቅድመ ሁኔታ አንድ ነው፤ እዚህ ያሉት የሁለቱ ተቀናቃኝ ፓርቲዎች ተወካዮች ሁለቱም «እንቀበለዋለን» ያሉት ሰው ይሁን። ጊጊሪ ተቀምጦ ይህን መጻፍ ቀላል ነው። አበሻ ወደሚበዛበት ኪሊማኒ ሰፈር ወርጄ አንዱን ስጠቅስ «እሱማ የእነሱ ነው» ይሉኛል፤ ሌላውን ስጠራ አማቹ የወዲያኛው ፓርቲ ሰው መሆኑ ይነሳብኛል።

በመጨረሻ ጋሼን አገኘሁ። ሀገር ቤት ዳኛ ነበሩ፤ ፍርድ እንዲለውጡ ሲታዘዙ እምቢ ብለው የተሰደዱ ሰው ናቸው። እዚህ የሰዎችን የልደትና የትምህርት ማስረጃ እየተረጎሙ ነበር የሚኖሩት። ሥራውን ስነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ እኔ እኮ ሥራዬን ሳልጨርስ ነው የወጣሁት» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው ማየት አልፈለግሁም። ሁለቱም ተወካዮች «እሳቸው ከሆኑማ!» አሉ። የቀረው ኢንተርቪው ብቻ ነበር።

በዚያው ሳምንት የጋሼ ጓደኛ አረፉ። ከአንደኛው ፓርቲ አንጋፋ መሪዎች አንዱ ነበሩ። ስደት እንደገቡ ከጋሼ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው፣ አንድ ፍራሽ ላይ ተኝተው የኖሩ ናቸው። በፖለቲካ አንድ ቀን እንኳ ተስማምተው አያውቁም፤ አንዱ ሲታመም ግን ሾርባ ይዞ የሚሄደው ሌላው ነበር።

የለቅሶው ድንኳን ሟቹ ይኖሩበት በነበረው ፍላት ፓርኪንግ ላይ ተተከለ። ገና ስገባ ዓይኔ የፈለገው ጋሼን ነው፤ የሉም። ቀብሩም ላይ አልነበሩም። በማግስቱም ሳጣቸው ደወልኩ።

«እዚያ የሚሰበሰበው የፓርቲው ሰው ነው። ፎቶ ይነሳል። ኢንተርቪው እየጠበቅሁ እንዴት እዚያ ልቀመጥ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ለቅሶ እኮ ነው!»

«እሱ ነፍሱን ይማረውና ይረዳኛል» ብለው ዘጉት። ድምፃቸው የታመመ ሰው ድምፅ ነበር።

የተቀናቃኙ ፓርቲ ተወካይ ግን ወንበር ሲደረድር፣ ንፍሮ ሲያዞር ሰነበተ። ሟቹን በየስብሰባው ሲያብጠለጥል የኖረ ሰውዬ፣ ሬሳ ሳጥኑን ተሸክሞ እንደ ሕፃን ሲንሰቀሰቅ አይቼዋለሁ። እንዲህ ነን እኛ።

ለቅሶው ከተበተነ በኋላ ሁለቱም ተወካዮች በየተራ ደወሉልኝ። በምንም ነገር የማይስማሙት ሰዎች ጋሼን ባለመቀበል ተስማሙ።

«የወንድማቸውን ለቅሶ ያልደረሱ ሰው የእኔን ድምፅ ይጠብቁልኛል?» አለኝ ያ ወንበር ሲደረድር የነበረው።

«እናንተ እንዳትጠረጥሯቸው ብለው እኮ ነው የቀሩት!» ብዬ ጮህኩበት።

«እኔ መቼ ይቅሩ አልኩ?»

ስልኩን ዘጋሁበት። በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም።

ለጋሼ መንገሩን ከሳምንት ሳምንት ሳስተላልፍ ቆይቼ በመጨረሻ ቤታቸው ሄድኩ።

«ያዳላል አሉ?» ብለው ጠየቁኝ።

«አይ፣ እሱን እንኳ አላሉም።»

«ታዲያ?»

ነገርኳቸው። ኮታቸውን ከወንበሩ ላይ አንስተው «ውሰጅኝ» ብቻ አሉ። ወዴት ብዬ አልጠየቅኋቸውም።

ፓርኪንጉ ውስጥ ድንኳኑ በነበረበት ቦታ መኪኖች ቆመዋል። በሩን የከፈተችልን እዚሁ ያደገችው የሟች ልጅ ናት። «ኦ... ካሪቡ፣ ይግቡ፣ አንክል» አለች፤ እኚያ የአባቷ ጓደኛ አሁን ለምን እንደመጡ ግራ ገብቷት።

ጋሼ ደፉን ሳያልፉ «ወንድሜን! ወንድሜን!» ብለው ጮኹ። ደረታቸውን እየመቱ፣ እንደ ሀገር ቤት፣ ድምፃቸውን ለቀው አለቀሱ። እንዲህ ሲለቀስ ከውስጥ የሚቀበል ሰው ይኖራል፤ በለቅሶው ሰሞን ቢመጡ ድንኳኑ በሙሉ ይቀበላቸው ነበር። አሁን ማንም አልነበረም። የጎረቤት በሮች ተከፈቱ። እኔ ልቀበላቸው ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ ማልቀስ ጀመረች።

የሟች ባለቤት፣ እትዬ፣ ከማድ ቤት ወጡ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። ጋሼን ክንዳቸውን ይዘው ሶፋው ላይ አስቀመጧቸውና ልጃቸውን አቀፉ።

«ጋሼ፣ በእናትዎ ቀስ ይበሉ» አሉ። «ማልቀስ ያቆመችው በዚህ ሳምንት ነው።»

ጋሼም አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ።