ጊታር ይቀቀላል እንዴ?

ባለቤቴን ሰው "እንዴት ተጋባችሁ?" ሲላት እስከ ዛሬ "በአጥንት" ትላለች። እውነቷን ነው።

ያኔ መገናኛ በባቡሩ ሥራ ተቆፋፍሮ ከታክሲ የወረደ ሁሉ ጫማው ጭቃ ነበር። እኔ ከእንጦጦ ግርጌ አንዲት እናት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። እትዬ ነው የምላቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ አንዲት ልጅ፣ አንድ ውሻና የሚሳሱለት ጽጌረዳ አላቸው። ቤቱን ሲያከራዩኝ "በጾም ግቢዬ ውስጥ ሥጋ አይሸትም" አሉኝ። "ምን ሲደረግ እትዬ! እኔም እኮ ጿሚ ነኝ" አልኳቸው።

ልጅቷን የወደድኳት ከዚያ በኋላ ነው። እሷና እኔ ተነጋግረን ጨርሰናል፤ ዳግማይ ትንሣኤ ሲያልፍ አጎቴ ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ እንዲመጣ ተወስኗል። የማያውቁት እናቷ ብቻ ናቸው። "እናቴ እምቢ ካለች ግን ጠፍቼ የምከተልህ እንዳይመስልህ" ብላኛለች፣ አስረግጣ።

ያን ሰሞን ለሥልጠና ቻይና የሄደ የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ አንድ ካርቶን ይዞልኝ መጣ። ውስጡ ያለው የኤሌክትሪክ ጊታር ነው፤ ግን ገና ጊታር አልሆነም። ገላው ለብቻ፣ አንገቱ ለብቻ፣ ድምፅ የሚቀበሉት ማግኔቶች፣ ሽቦው፣ ክሮቹና ብሎኖቹ በየላስቲኩ ታስረው፣ ራስህ ገጣጥመው የሚባል ዓይነት። "ለፋሲካ እጫወትልሻለሁ" አልኳት ልጅቷን። ማን ቃል ግባ አለኝ!

ሁዳዴን ሙሉ ከሥራ መልስ እሱው ላይ ነበርኩ። ገላውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ፣ ቫርኒሽ ቀብቼ፣ እንዲደርቅ ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ሰቀልኩት። እትዬ ባጠገቡ ሲያልፉ "ይሄ ደግሞ ምን አጥፍቶ ነው የተሰቀለው?" ብለው ይስቃሉ። ሽቦዎቹን በስታኞ በየድኩ፤ ጣቴንም አብሬ ለበለብኩት። አንገቱን በብሎን ከገላው ጋር አሰርኩ። መልክ ያዘ፤ እኔም ኩራት ኩራት አለኝ።

ጉዱን ያመጣችው ትንሿ ዕቃ ናት። ክራር ክሮቹ የሚያርፉባት ብርኩማ አለችው አይደል? ጊታርም አንገቱ ጫፍ ላይ እንደሷ ያለች፣ ከትንሽ ጣት የማትበልጥ ቁራጭ አለችው፤ ክሮቹ በተሞረዱባት ቦዮች ውስጥ ያልፋሉ። የኔዋ ፕላስቲክ ነበረች። ቦታዋ አልገባ ስትለኝ ተናደድኩና በመዶሻ ኮረኮምኳት። ቀጭ! ለሁለት ተሰበረች። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይሄው ነው። ከማበጠሪያ ቆርጬ ሞከርኩ፣ ከእንጨት ሞከርኩ፤ ቀጭኑ ክር ይበላዋል፣ ድምፁም የታፈነ ነው። ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ሳነብ ለካ ጥሩ ጊታር ሠሪዎች የሚጠቀሙት የበሬ አጥንት ነው። ቀቅለህ፣ ስቡን አውጥተህ፣ አድርቀህ፣ ሞርደህ።

የበሬ አጥንት! በሰሙነ ሕማማት!

የሰፈራችን ሥጋ ቤቶች ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ ተዘግተዋል። ኮፍያዬን ዝቅ አድርጌ ሾላ ገበያ አካባቢ ወዳለ የሙስሊም ሥጋ ቤት ሄድኩ።

"ቅልጥም ይኖራል?" አልኳቸው ባለቤቱን በሹክሹክታ።

"ለታማሚ ነው?"

"አይ፣ ለጊታር ነው።"

ሰውየው ቢላቸውን አስቀመጡ። "አየህ ልጄ፣ በዚህ ጾማችሁ የሚመጣ ሁሉ ሰበብ አለው። አንዱ ለውሻዬ ይላል፣ አንዱ ሐኪም አዞኝ ይላል። ለጊታር ያለኝ ግን አንተ የመጀመሪያው ነህ። ወላሂ፣ ለሰበብህ ስል ዋጋ አልቀበልህም" ብለው በጥቁር ፌስታል ጠቅልለው ሰጡኝ።

ረቡዕ ከሰዓት እትዬ ለስግደት እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወጥተዋል። ቶሎ አይመለሱም ብዬ በሬን ዘጋሁና ድስቱን ጣድኩ። እስቲ ፍረዱኝ፤ ሁዳዴን ሙሉ በሽሮ የከረመ ሰው የቅልጥም መረቅ ሲሸተው ምን ይሁን? አፌ ምራቅ ሞላ። ማንኪያ አነሳሁ፤ አስቀመጥኩት። "ጨው እንዳያንሰው ልቅመስ" ብዬ ደግሜ አነሳሁት። ለጊታር ጨው ምን ያደርጋል?

በሩ ተንኳኳ። እትዬ ናቸው፤ ለካ ቁልቁለቱን መኪና አግኝተው ኖሯል። አፍንጫቸው ሥራ ላይ ነው።

"ምን እየሠራህ ነው?"

"ጊታር እየሠራሁ ነው፣ እትዬ።"

አልጋው ላይ ያለውን ጊታር አዩ፤ ምድጃው ላይ ያለውን ድስት አዩ።

"ጊታር ይቀቀላል እንዴ?"

ስለ ብርኩማው፣ ስለ ክሩ፣ ስለ ስቡ ማስረዳት ስጀምር ጥለውኝ ሄዱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ብቻዬን ከድስቱ ጋር ቀረሁ። እንግዲህ ስሜ እንደሆነ ጠፍቷል፤ የሚያየኝም የለም። ብጠጣውስ ከዚህ በላይ ምን እሆናለሁ? አልሆነልኝም። ለብርኩማዋ የምትበቃኝን ቁራጭ በመጋዝ ቆርጬ አስቀረሁና ሲመሽ የቀረውን ቅልጥም ከጽጌረዳው ሥር ቀበርኩ፤ መረቁን እላዩ ላይ ደፋሁት። እንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረው።

ልጅቷ በጓሮ ዞራ መጣች። "ገደልከን! በልተሃል?"

"በኪዳነ ምሕረት! ከንፈሬም አልነካ።"

"እኔስ አምንሃለሁ። እናቴ ግን አፍንጫዋን ነው የምታምነው።"

ጠዋት ጽጌረዳው ሥሩ ተገልብጦ፣ አፈሩ ተበትኖ ተገኘ። እትዬ "ጅብ ነው! ከእንጦጦ የወረደ ጅብ ነው!" እያሉ ይራገማሉ። ውሻቸው ጥግ ላይ ተጋድሞ ከንፈሩን ይልሳል። እኔ ወደ ክፍሌ ሹልክ አልኩ።

ከዚያ ወዲያ እትዬ ሰላምታ ነሱኝ። ሕማማት ስለሆነ ነው፣ በሕማማት መሳሳምም የለም እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ፋሲካ ገባ፤ ያው ነው። በየበዓሉ የሚላክልኝ የዶሮ ወጥ ሳህንም ቀረ።

ብርኩማዋ ግን ምን የመሰለች ሆና ወጣች! ሞርጄ፣ አለስልሼ፣ ለየክሩ ቦይ አበጅቼ ቦታዋ አስገባኋት፤ በመዳፌ ገፋ ሳደርጋት እሺ ብላ ገባች። ክሮቹን ወጠርኩ፣ ከፍታቸውን አስተካከልኩ፣ ጊታሩን ከአሮጌው ቴፔ ጋር አገናኝቼ አንዷን ክር ነካሁ። ጥርት ያለ ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ብቻዬን ዘለልኩ። ከዚያ የምጫወትላት ልጅ ከእናቷ ጋር ማዶ ቤት መሆኗ ትዝ አለኝና ቁጭ አልኩ።

የሽምግልናው ቀን ደረሰ። እኔ ክፍሌ ውስጥ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌያለሁ፤ የእትዬ በር ክፍት ስለሆነ ሁሉም ይሰማኛል። አጎቴና ሁለቱ ሽማግሌዎች ገቡ። እትዬ ተቀመጡ ቢሏቸው አጎቴ "የመጣንበት ካልተፈቀደልን አንቀመጥም" አለ፤ ጉልበቱን እንደሚያመው እያወቅሁ አዘንኩለት። ለልጃችን ልጅዎን ብለን ነው የመጣነው አለ።

"ለየትኛው ልጃችሁ? በሕማማት ቅልጥም ለሚቀቅለው?"

ይህን ለአጎቴ አልነገርኩትም ነበር።

"ጥሩልኝ ያን ቀቃይ!" አሉ እትዬ።

ጊታሩን ታቅፌ ገባሁ። አጥንቱ የታለ አሉኝ፤ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብርኩማዋን በጣታቸው ዳበሷት።

"ይህችን ለምታህል ነው ያ ሁሉ? የቀረውስ የት ገባ?"

"ቀበርኩት፣ እትዬ።"

"የት?"

"ከጽጌረዳው ሥር።"

"ከነመቅኔው?"

"ከነመቅኔው።"

"ውይ!" አለ አንደኛው ሽማግሌ ሳያስበው።

"መረቁስ?"

"እሱንም እዚያው ደፋሁት።"

እትዬ ደጃፉ ላይ ወደተኛው ውሻ ዞሩ። "ለካ ጅቡ አንተ ነህ!" አሉና በነጠላቸው ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። "አንተስ አልገደፍክ ይሆናል፣ ውሻዬን ግን አስገድፈኸዋል!" ሽማግሌዎቹም ሳቁ፤ እኔ ግን መሳቅ ፈራሁ።

ሳቃቸው ሲበርድ ትኩር ብለው አዩኝ። "ጥዬህ ከወጣሁ በኋላ የሚያይህ ሰው አልነበረም። ለምን አልጠጣኸውም?"

"እንጃ እትዬ። እግዜርን ይሁን እርስዎን የፈራሁት፣ እስካሁን አላወቅሁም።"

ልጅቷ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ስትተነፍስ ይሰማኛል።

"የሚያየው ሳይኖር መረቅ የደፋ ሰው ልጄን አይበድላትም" አሉና ወደ አጎቴ ዞሩ። "በሉ፣ ቁጭ በሉ።"

አጎቴ ጉልበቱን ይዞ "እፎይ" እያለ ተቀመጠ። እኔም ጎኑ ልቀመጥ ወንበር ሳብኩ።

"አንተ የት ነው የምትቀመጠው?" አሉኝ። "ሂድና መጀመሪያ ጽጌረዳዬን ትከል።"