የአባቴ ዓይንና የሞጣው ስክሪን

አባቴ ወታደር ነበሩ። ቀኝ ዓይናቸውን ጦር ሜዳ ጥለው መጡ፤ ግራው ለሁለት ሲሠራ ኖሮ አምና መድከም ጀመረ። በምንኖርበት ብቸና የዓይን ስፔሻሊስት የለም። ሞጣ ሆስፒታል ግን በስክሪን ይገኛል ተባለ፤ በሽተኛው እዚያ ይቀመጣል፣ ሐኪሙ ከትልቁ ከተማ ሆኖ ይጠይቀዋል፣ ካመነበት ሪፈር ይጽፋል። ያለዚያች ወረቀት ደግሞ ቀዶ ሕክምና የለም።

ተሳፍረን ሄድን። ሐኪሙ ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል አባቴ ብድግ ብለው ተጠንቀቅ ቆሙ። ለሐኪሙ የሚታየው ቀበቷቸው ብቻ ነበር። በስንት ልመና አስቀመጥናቸው።

«እንደምን ነዎት አባት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። እርስዎስ ደህና ነዎት? ቤተሰብ ደህና?»

«ጤናዎስ?»

«ተመስገን! ምን እሆናለሁ?»

«ኧረ አባዬ፣ ዓይንዎን ይንገሩት» ስላቸው አፈጠጡብኝ። በእኛ አገር ምስጋናው ይቀድማል፤ ሕመሙ ኋላ ቀስ ብሎ ይመጣል። እኛን ግን ኔትወርኩ ቀድሞን ተቋረጠ። ሲመለስ ተራው የሌላ ሰው ነበር፤ ካርዳቸው ላይ «ደህና ነኝ ብለዋል፤ ሪፈር አያስፈልግም» ተብሎ ተጽፎ ጠበቀን። ነርሷን ብለምናት «ሲስተሙ ላይ ተዘግቷል» አለችኝ። በማን ልናደድ? በአባቴ፣ በሐኪሙ፣ በሲስተሙ፣ በሁሉም ተናደድኩ።

ከሦስት ወር በኋላ እንድንመለስ ተቀጠርን። በቀኑ ብንሄድ መብራት የለም። እንደገና ለወሩ። በሦስተኛው ጉዞ መንገዱን ሙሉ «አሞኛል ይበሉ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያልኩ ጨቀጨቅኳቸው።

«ሰው ገና እንደምን ነዎት ሲለኝ ብሶቴን ልዘርግፍበት? ነውር ነው!» አሉኝ።

መስመሩ ሲገኝ ሰላምታውን አቋርጬ «ዓይናቸው እየጠፋ ነው! በሩን እንኳ ይስታሉ!» ብዬ ጮኽኩ። ሐኪሙ ነርሷን ጣቶቿን እንድታሳያቸው አዘዛት።

«ሦስት» አሉ አባቴ ፈጥነው። ነርሷ ገና እጇን አላነሳችም ነበር።

ሪፈሩ እዚያው ተጻፈ። «የጠፋው ግን አይመለስም፤ የቀረውን ለማትረፍ ነው» አለ ሐኪሙ። «አባት፣ ያኔ ለምን አልነገሩኝም?»

«ስለ ዓይኔ መቼ ጠየቁኝ ዶክተር?» አሉ አባቴ፣ ፊታቸውን ከስክሪኑ ትንሽ ወደ ጎን አድርገው። «ሰላምታ ነው የሰጡኝ።»

ሐኪሙ ዝም አለ። ነርሷ መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ገመዱን ነካካችው።