ዕጣው የተጭበረበረበት እሑድ

ጎህ ሲቀድ፣ ባሕር ዳር

የሠራተኛ ማኅበሩ ሰዎች፣ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ከቆጠሩት እናቶች ያንቺ እጅ ይሻላል ብለው፣ የሽርሽሩን ማስታወሻ ለግድግዳ ጋዜጣቸው እንድጽፍ አዝዘውኝ ነበር። ያኔ አልጻፍሁትም። አሁን ጻፍሁት።

ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ደጃፍ ስንደርስ ሰው በድምፁ እንጂ በመልኩ አይለይም። ሐይቁ ላይ ጉም ተኝቷል። መስቀል ካለፈ ሳምንት አልሞላውም፤ ደመራው የተቃጠለበት ቦታ አመዱ እንዳለ ነው፤ የመንገዱ ዳርና ዳር በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል። ማኅበሩ የሠራተኛውን ቤተሰብ ይዞ ከአባይ ማዶ፣ ሐይቁ ዳር ወዳለ የመንግሥት እርሻ ሊወስደን ነው። ላሞች አሉ፣ ፍራፍሬ አለ፣ ልጆች በትራክተር ይንሸራሸራሉ ተብሏል። የጽጌ ጾም ሳይገባም ወይፈን ታርዶ ቅርጫ እንካፈላለን።

የመጣሁት ከምራቴ ከሰብለና ከልጅ ልጄ ከምንትዋብ ጋር ነው። ልጄ አዱኛ በዚሁ ፋብሪካ ሽመና ክፍል ይሠራ ነበር፤ አሁን ሰሜን ጦር ግንባር ነው። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። ሰብለ «የክረምት መንገድ ነው፤ ጭቃው ሲደርቅ ይሰማል» ትላለች። እኔም እንደዚያው እላለሁ።

የአውቶቡሱ በር ሲከፈት እንደ ወትሮው ግፊያ ሆነ። ከሾፌሩ ኋላ ያለውን ወንበር ጥሩወርቅ ቀድማ ያዘችው። ጥሩወርቅ የግቢ ጎረቤቴ ናት። በቀበሌ ሱቅ የስኳር ሰልፍ ላይ ስንት ዓመት ተነካክሰናል፤ ከፊቴ ሾልካ ስትገባ ነጠላዋን ጎትቼ ወደ ኋላ የምመልሳት ሴት ናት። ያን ቀን ግን እንዳየችኝ ተነሣች።

«ነይ የሺ፣ እዚህ ተቀመጪ።»

«ቀድመሽ የገባሽ አንቺ ነሽ። ወንበሩም ያንቺ ነው።»

«ጉልበትሽን ያምሽ የለ?»

«አንቺስ ወገብሽን ያምሽ የለ? ትናንት ስታቃስቺ በግድግዳው ሰምቼሻለሁ።»

ሾፌሩ የእህል ገበያ ያላት የቆላ ድባ ሰው ነው፤ ዘወር ብሎ «ካልተስማማችሁ ወንበሩን አገሬ ወስጄ ከእህል ጋር እሸጠዋለሁ» አለ። ሰዉ ሳቀ። ጥሩወርቅ አልሳቀችም። ሄዳ ከኋላ ቆመች። እኔም የሰው ወንበር አልቀማም ብዬ ቆምሁ። ወንበሩ ባዶውን ቀርቶ ሁለት አሮጊቶች እየተወዛወዝን ሄድን፤ በመጨረሻ ምንትዋብ ወጥታ ተቀመጠችበት።

ፀሐይ ስትወጣ፣ አባይ ድልድይ

ድልድዩ ላይ ወታደሮች አስቆሙን። ከሥር አባይ ገና የክረምት ቀለሙን አልለቀቀም፤ ቡናማ ሆኖ ያጉረመርማል። አንዱ ወታደር መታወቂያችንን እያየ ምንትዋብ ዘንድ ሲደርስ፣ ልጅቱ የሱን ልብስ አይታ፣

«አባቴን ታውቀዋለህ?» አለችው።

«ማን ይባላል?»

«አዱኛ።»

«አዱኛን? እንዴታ! ደኅና ነው፤ ሰላም በሉልኝ ብሏል» አለና ጉንጯን ነካ አደረገ። ሊያስደስታት ነው። ሰብለ ሳቀችና አመሰገነችው። ከጎኔ የቆመው ይርጋ ግን ፊቱን ወደ ውኃው አዞረ። ይርጋ የአዱኛ ፎርማን የነበረ፣ የእድራችንም ዳኛ ነው፤ ቀልድ የማያልቅበት ሰው። ያን ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ምላሱን ረስቶ የመጣ ይመስል ነበር። ጥርሱን አሞት ይሆናል አልሁ።

ከድልድዩ ወዲያ የጎንደር መንገድ ነው። ጤፉ ጉልበት ድረስ ደርሷል፤ ኑጉ ሊያብብ ነው፤ ሜዳው ላይ ውኃ ስለተኛ ከብቱ እስከ ሆዱ ሣር ውስጥ ገብቶ ይግጣል። ሴቶች የሸንበቆ ቅርጫት ሙሉ ዘይቱን ይዘው መስኮት ሥር ይሮጣሉ። ከዋናው መንገድ ወደ ሐይቁ ስንታጠፍ አውቶቡሱ ጭቃ ውስጥ ገባ። ወንዶቹ ወርደው ገፉ፤ ወርጄ ልግፋ ስል አምስት ሰው «ኧረ እርስዎ አይውረዱ!» ብሎ ጮኸብኝ። ሌላ ጊዜ «የሺን አምጧት፣ በምላሷ ትገፋዋለች» ይሉኝ ነበር።

ረፋድ፣ እርሻው

በሩ ላይ ቀይ ጨርቅ ተወጥሮ መፈክር ተጽፎበታል። ከበሩ ውስጥ ደግሞ ለዓይን የሚበቃ ነገር አለ፦ በመደዳ የተተከለ ብርቱካንና ማንጎ፣ በሽቦ የታጠሩ ጥንቸሎች፣ ቀፎ፣ ጡታቸው መሬት ሊነካ የደረሰ ጥቁርና ነጭ የፈረንጅ ላሞች። አንድ ጥጃ በጡጦ ወተት ያጠቡታል። ምንትዋብ ጡጦውን ስትይዝለት ጥጃው እስከ ክርኗ ላሳት፤ ሰብለ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ምራቴ እንዲያ ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ነበር።

ትራክተሩ ተሳቢ ጋሪ ይጎትታል፤ ልጆች ተራ በተራ እየወጡ የብርቱካኑን እርሻ ይዞራሉ። የቢሮ ኃላፊዎቹ ልጆች ከፊት ሊሰለፉ ሲሉ «እዚህ ሁሉም በእግሩ ነው የቆመው፤ ወደ ኋላ!» ብዬ አስመለስኋቸው። ምንትዋብም ተራዋ ደርሶ ወጣች፣ ዞረች፣ ተመለሰች። ነጂው ሌሎቹን አውርዶ እሷን «አንቺ ቆዪ» አላት።

«ለምን ትቆያለች? ተራዋ አልቋል።»

«እማማ፣ ይተዉዋት፤ ትጫወት» አለ ይርጋ።

«ያ የቆመው ልጅ እናት የለውም? ነይ ውረጂ!»

አወረድኋት። እያለቀሰች ወረደች። ሰልፍ ላይ ካሉት እናቶች አንዷም ደግ አደረግሽ አላለችኝም። ከንፈራቸውን መጠጡ እንጂ።

ተናድጄ ብቻዬን ወደ ሐይቁ ወረድሁ። ይማም የሚባል የደንገል ታንኳ ያለው ዓሣ አጥማጅ ቀረሶ የሚባለውን ዓሣ በገመድ ሰክቶ ይሸጣል።

«ስንት ነው?»

«አንድ ገመዱ ሁለት ብር።»

«ሁለት ብር? ዓሣው ትምህርት ቤት ገብቷል?»

«እማማ፣ እርስዎ ሌሊቱን እዚያ ውኃ ላይ ይደሩና በነፃ ይውሰዱ።»

«ይሄ ዓይኑ ደፍርሷል፤ የትናንት ነው።»

«የርስዎስ ዓይን መቼ ጠርቶ!»

እንዲህ ተሰዳድበን በአንድ ብር ከስሙኒ ወሰድሁ። ልቤ ረካ። ከጠዋት ጀምሮ ሰው እንደ ሰው ያነጋገረኝ እሱ ብቻ እንደ ነበር ወደ ላይ ስወጣ ነው የገባኝ። ለምን? አልሁ በልቤ። መልሱን ግን አልፈለግሁትም።

ቀትር፣ ቅርጫው

ወይፈኑ ታርዶ ሥጋው በኮባ ቅጠል ላይ መደብ መደብ ሆኖ ተደርድሯል። የቅርጫ ሕግ ለማያውቅ ልንገር። መደቡ እኩል ይሆናል፤ ጉበቱም ጨጓራውም ሻኛውም ለሁሉም ይደርሳል። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው ጠጠርም ቆርኪም ቁልፍም የፈለገውን ዕጣ ይሰጣል። ዕጣውን የሚሰበስብ አንድ ሰው ነው፤ በየመደቡ ላይ የሚጥለው የማን ምን እንደሆነ ያላየ ሌላ ሰው ነው። ሰብሳቢና ጣይ አንድ ከሆነ ዕጣ አይባልም። በኛ ግቢ ይህን የማስጠብቅ እኔ ነኝ።

እኔ ከሐይቁ ዳር ያነሣሁትን ጥቁር ጠጠር ሰጠሁ። የሰበሰበው ይርጋ ነው። ቀና ስል የሚጥለውም ይርጋ ነው። ከዳር የተቀመጠውን መደብ አየሁት፤ ከሌሎቹ ከፍ ብሏል፤ የሻኛው ግማሽና የጉበቱ ወፍራም ጫፍ እዚያ ላይ ነው። ይርጋ መዳፉን ከፍቶ አየ፣ መረጠ፣ ጥቁሯን ጠጠር እዚያ ላይ አስቀመጠ።

«ተጭበርብሯል!» ብዬ ተነሣሁ። «ዕጣው ተጭበርብሯል! ይደገም!»

ይርጋ ወደሚቀጥለው መደብ አለፈ።

«ይርጋ፣ አንተ ስንት ዓመት ዳኛ ሆነህ? የሚያጭበረብር ሰው ለራሱ ነው የሚያጭበረብር፤ እኔ ምንህ ነኝ ብለህ ለኔ? ጥሩወርቅ፣ አንቺ እንኳ ተናገሪ! የዛሬ ዓመት ለአንዲት ቁራጭ ኩላሊት ስትካሰሺኝ አልነበር?»

ጥሩወርቅ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች።

ዞር ብዬ ሰዉን አየሁ። ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ወንበሩ፣ ትራክተሩ፣ ከንፈር መጠጣው፣ ጉበቱ፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣብኝ። እግሬ ራሱ አውቆ ወደ ሐይቁ ወሰደኝ።

ይርጋ ተከተለኝ። ሰብለ ከልጅቱ ጋር ጥጃው ዘንድ ናት፤ አልሰማችም።

«አዱኛ ነው?» አልሁት።

ባርኔጣውን አወለቀ። «እማማ የሺ፣ መርዶ በጠራራ ፀሐይ አይነገርም» አለኝ።

ነገረኝ ማለት ነው።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር አውቃለሁ። ዘመድ እስኪሰበሰብ ይደበቃል፤ ከዚያ ሰው በጎህ ተጠራርቶ በር ላይ ይቆማል። የስንቱን ቤት በር በዚያ ሰዓት አንኳኩቻለሁ። በር ከፍታ ፊታችንን ስታይ የምትወድቀዋን ሴት ስንቴ ደግፌያለሁ። እኔ ግን በቀን፣ ብርቱካን መሐል፣ ዓሣ በእጄ አንጠልጥዬ ሰማሁት።

«አብሮት የነበረ ቁስለኛ ከጎርጎራ በጀልባ መጥቶ ነገረን» አለ ይርጋ። «የሰብለን ወላጆች ከዳንግላ አስጠርተናል፤ ማታ ይደርሳሉ። እስከዚያ ወንበርና እንጨት ወደ ግቢው ሲገባ እንዳታዩ ብለን ነው። ልጅቱም አንድ ቀን ትጫወት ብለን።»

«የልጄን ሞት ለመንደሩ ሁሉ አካፍላችሁ የኔን ድርሻ ደበቃችሁት? በምትኩ ጉበት ሰጣችሁኝ?»

ትልቁ ሰውዬ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔ አላለቀስሁም። ማልቀስ ከጀመርሁ ሰብለ ትሰማኛለች።

«ሰብለ አታውቅም?»

«አታውቅም።»

«እንግዲያስ ስማኝ። ነገ ስትመጡ፣ እናት ትቅደም ብላችሁ እኔን ጓዳ ጠርታችሁ እሷን ደጅ አታስቀሯት። ለሁለታችን እኩል፣ ባንድ አፍ ንገሩን። አሁን ደግሞ ሂድና ዕጣውን አስደግም።»

ከቀትር በኋላ

መደቡ ተበትኖ እንደገና ተመደበ። ጥሩወርቅ ዕጣው ሲሰበሰብ ጀርባዋን ሰጥታ ቆይታ መጥታ ጣለች። ጥቁሯ ጠጠሬ አጥንት የበዛበት መደብ ላይ ወደቀች። ዕጣዬ ነው፤ ተቀበልሁ።

ከዚያ ሰብለን ቁጭ ብዬ አየኋት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ ለምንትዋብ ብርቱካን ትልጣለች። ትነግሪያታለሽ ወይስ አትነግሪያትም? እያልሁ ራሴን ጠየቅሁ። የሷ ባል ነው። ሰው ሁሉ አውቆ እሷ ብቻ ስትስቅ ማየት ግፍ ነው። ደግሞ ያችን ሳቅ ከአፏ ላይ መንጠቅስ ምን ይባላል? ዕድሜዬን በሙሉ ስመዝን ኖሬያለሁ፤ ይህን የሚመዝን ሚዛን ግን የለኝም። ዛሬን ደግሞ ባለ ባል ሆና ትደር አልሁ።

ተነሥቼ ወደ ትራክተሩ ሄድሁ። ልጆች ተሰልፈዋል።

«ልጄ፣ ይችን ልጅ አንድ ጊዜ ድገምልኝ» አልሁት ነጂውን።

ሰልፍ ላይ ያለች አንዲት እናት «እማማ፣ ተራስ?» ልትል ጀምራ፣ ፊቴን ስታይ ልጇን ወደ ኋላ ሳበች። ምንትዋብ ወጣች። ብርቱካኑን ዞረው ሲመለሱ በሁለት እጇ ታውለበልብልኛለች።

አመሻሽ፣ ቤት

ስንመለስ ያን ወንበር እንደገና ለቀቁልኝ፤ ተቀመጥሁ። ሾፌሩ «አሁን ተስማማችሁ?» አለ። ጥሩወርቅ ከጎኔ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ እጄን ያዘች፤ እስከ ባሕር ዳር አልለቀቀችኝም። ሐይቁ ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ልጆች ዘፈኑ። ሰብለም አጨበጨበች።

ግቢያችን ተጠርጓል። ከአጥሩ ሥር አግዳሚ ወንበሮች ተደራርበው ሸራ ለብሰዋል።

«ሠርግ አለ እንዴ?» አለች ሰብለ።

«የእድር ዕቃ ነው» አልሁ። ውሸት አይደለም።

ምንትዋብ ጫማዋን እንዳደረገች እንቅልፍ ወሰዳት። ሰብለ ሥጋውን ዘርግታ፣ አጥንቱን ወደ ድስት፣ ቀዩን ለብቻ ለየች። ስሱ ስሱ አድርጋ ዘለዘለችው፤ ጨውና በርበሬ አሸችበት።

«ይህ ለአዱኛ ቋንጣ ይሆናል» አለች። «ጭቃው ደርቋል፤ ወደዚያ የሚሄድ ሰው አይጠፋም። እማማ፣ ገመዱን ይዘው ይጠብቁኛል?»

የገመዱን ጫፍ ያዝሁላት። አንድ አንድ እያለች ሰቀለች፤ እኔ እንዳይረግብ ወጥሬ ያዝሁ። ስትጨርስ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላ አየችውና «ይበቃዋል?» አለችኝ።

«ይበቃዋል» አልሁ።

መብራቱን አጥፍታ ከልጇ ጎን ተኛች። በሩን የምቀረቅር ሁልጊዜ እኔ ነኝ። ያን ማታ መዝጊያውን ገጠም አደረግሁት፤ መቀርቀሪያውን ግን ሳልወረውር ተኛሁ።